ትራፊክ ያልነበረበት ምሽት

ፊኒክስ መሀል ከተማ፣ ከከተማው የቅርጫት ኳስ ቡድን ከሰንስ («ፀሐዮቹ») አዳራሽ ትንሽ ራቅ ብሎ በሚገኝ ባለ ብዙ ፎቅ ፓርኪንግ እሠራ በነበረበት ጊዜ ቅርጫት ኳስን የምከታተለው በመኪና ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሰው ሲገባ አያለሁ፣ ሲወጣ አያለሁ፤ መሀሉን ራዲዮ ይነግረኛል። እየቆየሁ ስሄድ ራዲዮ ባይኖርም ውጤቱን መገመት ጀመርኩ። ሰንስ በሰፊው ከመራ ሰዉ አራተኛው ሩብ ሳያልቅ እየተንጠባጠበ ይወጣል፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ጎ ሰንስ!" ብሎኝ ያልፋል። ጨዋታው አንገት ለአንገት ከሆነ ደግሞ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወርድና ከላይኛው ፎቅ እስከ መውጫው ድረስ መኪና ከመኪና ተነካክቶ ይቆማል። ለፓርኪንግ ሠራተኛ ከዚያ የከፋ ሰዓት የለም፤ ጥሩንባው፣ ስድቡ፣ "እባክህ ልጆች ይዣለሁ" የሚለው ልመና።

እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2022፣ እሑድ፣ የጠበቅነው ይህንኑ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 7 ቀን 2014 መሆኑ ነው። ሐበሻ ግንቦት 7 ሲባል የሚያስታውሰው የ1997ቱን ምርጫ ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ እንተወውና፣ የፊኒክስና የዳላስ ሰው ያን ቀን የሚያውቀው በሰባተኛው ጨዋታ ነው።

ላልተከታተለ ሰው ጥቂት ልበል። በኤንቢኤ ፕሌይኦፍ ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያልፋል። ሰባተኛው ላይ ከተደረሰ ሦስት ለሦስት ናቸው፤ የተሸነፈ ሻንጣውን ይሸክፋል። ሰንስ በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር 64 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 18 ብቻ ነበር። በቡድኑ ታሪክ እንዲያ ያለ ዓመት አልታየም፤ ከሊጉም የሚስተካከለው አልነበረም። አሠልጣኙ ሞንቲ ዊሊያምስ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸልሟል። ዴቪን ቡከር ጉልበቱ ገና ያልተነካ፣ ክሪስ ፖል ደግሞ በዚያው ሰሞን 37 ዓመት የሞላው፣ ዋንጫ ሳያነሣ ጫማውን እንዳይሰቅል ሰዉ የሚሳሳለት ተጫዋች። ባለፈው ዓመት ለፍጻሜ ደርሰው፣ ሁለት ለዜሮ ከመሩ በኋላ፣ ሚልዋኪ ተከታታይ አራት አሸንፎ ዋንጫውን ወስዶባቸዋል። ስለዚህ ይኸኛው ቂም መወጫ ነበር። ከዳላስ ጋርም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በሜዳቸው አሸነፉ፤ አምስተኛውን 110 ለ80 ረመረሙት። እስከ ስድስተኛው ድረስ ባለሜዳው ያልቀናበት ጨዋታ የለም፤ ሰባተኛው ደግሞ እኛ ዘንድ ነው። እንግዲህ ምን ያስፈራል?

ሰዉም አልፈራም። ጨዋታው የሚጀምረው ከቀኑ 11 ሰዓት ቢሆንም መኪናው ገና በጠራራው ፀሐይ መግባት ጀመረ። ብርቱካናማ ማሊያ፣ ወይን ጠጅ ማሊያ፣ ደረቱ ላይ "ዘ ቫሊ" የተጻፈበት ጥቁር ማሊያ። አንድ አባት ሁለት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ምድር ቤት፣ ከእኛ ቡዝ ፊት ለፊት አቆመ። ትንሹ ከመኪና እንደ ወረደ ሲሚንቶው ላይ ዘፍ ብሎ ተንጋለለ፤ ፊቱን አጨማዶ ይንፈራገጣል፣ ታላቁ በሳቅ ይፈርሳል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በአምስተኛው ጨዋታ ቡከር ተገፍቶ ወድቆ፣ መሬት እንደ ተጋደመ በዳላሱ ሉካ ዶንቺች አወዳደቅ ቀልዶ ነበር፤ ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ልጁ እሱን እያስመሰለ ነው። አባትየው "ተነሥ፣ ማሊያህ አዲስ ነው!" ይለዋል፣ ግን ራሱም ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ዶንቺች ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነው፤ የቀለደበትን ሰው በልቡ የሚይዝ ዓይነት መሆኑን ያወቅነው ማታ ነው።

አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ ሜክሲኮ አሜሪካዊት ነች፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ፊኒክስ። በዕድሜ ብዙ ስለምትበልጠኝ "ሚሆ" ነው የምትለኝ፣ "ልጄ" እንደ ማለት። የሰንስን መከራ የምታወራው የገዛ ዘመዶቿን ሞት በምታወራበት ድምፅ ነው። በ1969 የዓመቱን አንደኛ ተመራጭ ማን ይውሰድ ተብሎ ሳንቲም ተወረወረ፤ ሰንስ የጠራው ሳይሆን ሌላው ገጽ ወጣ፤ ኋላ ካሪም አብዱልጀባር የተባለው ሰው ለሚልዋኪ ሆነ። በ1976 በፍጻሜው ቦስተን ውስጥ ሦስት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት ተሰጥቶ 128 ለ126 ተሸነፉ። እነዚህን ቶሎ ቶሎ ታልፋቸዋለች። የ1993ቱ ላይ ስትደርስ ግን ትቆማለች። ያን ዕለት ከባሏ ጋር አዳራሹ ውስጥ ነበረች፣ የዛሬው ጨዋታ የሚደረግበት ያው አዳራሽ። የቻርልስ ባርክሌይ ቡድን ስድስተኛውን የፍጻሜ ጨዋታ እየመራ፣ 3.9 ሰከንድ ሲቀር፣ የቺካጎው ጆን ፓክሰን ከሩቅ ወረወረና አስገባ። 99 ለ98። ይህን ስትናገር ቡዙ ውስጥ ትነሣለች፤ ባርክሌይ እዚህ፣ ፓክሰን እዚያ እያለች ወንበሩንና ቆሻሻ መጣያውን ታሰልፋለች። "የእኛው ዳኒ ኤንጅ ከአጠገቡ ባይሸሽ ኖሮ!" ትላለች። በ29 ዓመት ውስጥ ያ "ኖሮ" አልደከማትም።

ራዲዮው ላይ አል ማኮይ ነበር። ከ1972 ጀምሮ የሰንስን ጨዋታ ያስተላለፈ፣ ዘጠና ሊደፍን የተቃረበ ሽማግሌ ነበር። ባለ ሦስት ነጥብ ስትገባ "ሻዛም!" የሚላት ነገር ነበረችው፤ የከተማው ልጅ ሁሉ አፉን የፈታባት ትመስላለች። እኛም ሻዛምን እየጠበቅን ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ሩብ 27 ለ17 አለቀ፣ ለዳላስ። "ገና ነው" አለች ሴትዮዋ። ሁለተኛው ሩብ ላይ ሰንስ በ12 ደቂቃ ውስጥ ያገባው 10 ነጥብ ነው። አሥር! ለዕረፍት ሲወጡ 57 ለ27። ዶንቺች ብቻውን 27 አስገብቷል፤ አንድ ሰው ከነሙሉ ቡድኑ እኩል ማለት ነው። በራዲዮው ውስጥ ከበስተጀርባ የሚሰማው የሰዉ ድምፅ መልኩን ለወጠ፤ መጀመሪያ ማጉረምረም፣ ከዚያ ጥርት ያለ "ቡ…"። በገዛ ሜዳቸው፣ 64 ጨዋታ ያሸነፉትን ልጆች። ሴትዮዋ አፈረች፤ "ነውር ነው" አለች። እኔ አልመሰለኝም። እኔ የአዲስ አበባ ስታዲየም ልጅ ነኝ፤ ካታንጋ ተቀምጬ ያደግሁ። እዚያ ቡድንህ ሲዋረድ ዝም ብለህ አትወጣም፤ ቁጭ ብለህ ከአሠልጣኙ እስከ ወጌሻው ድረስ የእያንዳንዱን ስም እየጠራህ የልብህን ትናገራለህ። የሚሳደብ ደጋፊ ገና ተስፋ አልቆረጠም።

በዕረፍቱ ስልኬ ጮኸ። ዳላስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ዳላስ ሐበሻው ብዙ ነው፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ እያለን እኔ የጊዮርጊስ እሱ የቡና ስለነበርን ደስታውን ያለ እኔ አይበላውም።

"አንተ፣ እናንተ ጋ ፀሐይ ጠለቀች እንዴ?" አለ፣ ሳቁ እየቀደመው።

"ገና ሁለት ሩብ ይቀራል።"

"እሱን ነው የፈራሁላችሁ!"

ዘጋሁበት። ቀና ስል የመጀመሪያዋ መኪና መውጫው ላይ ደርሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሌላ ቀን ከላይ የሚወርዱት መኪናዎች ሁሉ ራዲዮአቸው ክፍት ነው፤ ማኮይ የሚያወራው ከፎቅ ወደ ፎቅ እያስተጋባ ስለሚመጣ፣ ማን ምን እንዳስቆጠረ እኔ ጋ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ያን ምሽት የሚሰማው የጎማ ድምፅ ብቻ ነበር። ሁሉም ዘግቶታል። ክፍት የነበረው የእኛ የቡዙ ራዲዮ ነው። ጢሙን ያስረዘመ፣ የስቲቭ ናሽን አሮጌ ማሊያ የለበሰ ሰውዬ ካርዱን ለማሽኑ እየሰጠ ወደ ራዲዮው አየና በጣም በጨዋ አነጋገር "ወንድሜ፣ እኔ እስካልፍ ልትቀንሰው ትችላለህ?" አለኝ። ቀነስኩለት። ማገጃው ሲነሣ አመሰግናለሁ ብሎኝ ሄደ። ከእሱ በኋላ መኪና በመጣ ቁጥር ሴትዮዋ ሳትጠየቅ እጇን ወደ ራዲዮው ትሰዳለች።

ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ 92 ለ50 ሆነ። ከዚህ በኋላ የመጡት ሰዎች ሌላ ዓይነት ናቸው። በዕረፍቱ የወጡት ቁጡዎች ነበሩ፤ በር ይወረውራሉ፣ መሪ ይደበድባሉ። እነዚህኞቹ ይስቃሉ። ጎረምሶች ደረጃውን እየወረዱ፣ ባለፈው ዓመት ደጋፊው ሲፎክርባት የነበረችውን "ሰንስ ኢን ፎር!" ያፌዙባታል። አንዲት ሴት ስልኳ ላይ ለእናቷ ይሁን ለሌላ "አዎ፣ በአርባ! አይ፣ አልተሳሳትሽም፣ አርባ!" እያለች በሳቅ ታነባለች። ሐዘን ቤት ውስጥ ሳቅ ሲያመልጥ አይታችሁ እንደሆነ እንደዚያ ነው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የፓርኪንጉ ምዕራብ በኩል ቢጫ ብርሃን ይገባል፤ ሰዉ እየተንጠባጠበ ይወጣል፤ ወረፋ የለም፣ ጥሩንባ የለም። ሁሉም ነገር ሰንስ በሰፊው ያሸነፈ ዕለት የሚሆነውን ይመስላል።

አባትየውና ሁለቱ ልጆች የመጡት በዚህ መሀል ነው። ታላቁ ቀድሞ ገብቶ በሩን ዘጋ። ትንሹ ጀርባው ላይ የሲሚንቶው አቧራ አሁንም አለ። አባቱን "ቡከር እግሩን አሞታል?" አለው።

"አይ፣ ደህና ነው።"

"ፖልስ?"

"እሱም ደህና ነው።"

ልጁ ትንሽ አሰበና "ታዲያ?" አለ። አባትየው ቀበቶውን አሰረለትና በሩን ዘጋ፤ መልስ አልሰጠውም። ምን ይበለው?

ጨዋታው 123 ለ90 አለቀ። ቡከር 11 ነጥብ፣ ፖል 10። ዶንቺች በ30 ደቂቃ 35፤ ስፔንሰር ዲንዊዲ 30 ጨመረበት። ልዩነቱ አንድ ጊዜ 46 ደርሶ ነበር። መሀል ተጫዋቹ ዲአንድሬ ኤይተን የተጫወተው 17 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዊሊያምስ ምክንያቱን ሲጠየቅ ነገሩ የውስጥ ጉዳይ ነው ብሎ አለፈ። ከማግስቱ ጀምሮ ከተማው በሙሉ ይችን ቃል ይዞ ሰነበተ፤ ቡና ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር። ሰው ሰበብ ሲያጣ ያገኘውን ያነሣል። ግን 33 ነጥብ በኤይተን አይሞላም፣ በዳኛ አይሞላም፣ በአንድ ያልገባ ኳስም አይሞላም። ዳላስ በሚቀጥለው ዙር በጎልደን ስቴት 4 ለ1 ሲሸነፍ እንኳ የፊኒክስ ሰው የረባ ደስታ አላገኘበትም። የአክስቴ ልጅ ግን ለጥቂት ቀን ስልክ አላነሣም።

ሴትዮዋን የታዘብኩት ነገር ከዚያ በኋላ ነው የተገለጠልኝ። ስለ 1993 ማውራቷን አላቆመችም፤ እንዲያውም ባሰባት፤ ወንበሩና ቆሻሻ መጣያው አሁንም ይሰለፋሉ። ስለ ግንቦቱ ሰባተኛ ጨዋታ ግን አንድም ቀን በራሷ ስታነሣ አልሰማሁም። አንዴ እኔ ላነሣባት ሞከርኩ። "እሱ ምን ይወራል ሚሆ" አለችኝ፣ "የትኛዋን ኳስ ልመልስ?" በአንድ ነጥብ የተሸነፈ ሰው የሚያለቅስባት አንዲት ኳስ አለችው። እነዚያ ልጆች ለአባታቸው ዕድሜ ሲደርሱ ስለዚያ ምሽት የሚነግሩት ነገር አይኖራቸውም፤ "አባታችን ቶሎ ይዞን ወጣ" ከማለት በቀር። እኔ በበኩሌ ቶሎ መውጣቱን አልነቅፍበትም፤ የጮኹትንም አልነቅፍም። የሚነቀፍ ቢኖር ያን ማታ ሜዳ ላይ ነበረ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰንስ ኬቪን ዱራንትን አመጣ፤ ለእሱም ሚካል ብሪጅስንና ካም ጆንሰንን ጨምሮ ብዙ ሰጠ። ሜይ 11 ቀን 2023 በዚያው አዳራሽ ከዴንቨር ጋር ስድስተኛውን ጨዋታ አደረጉ፤ ለዕረፍት ሲወጡ 81 ለ51፣ እንደገና በ30 ነጥብ ተመርተው። 125 ለ100 ተሸንፈው ከውድድሩ ወጡ፤ ዊሊያምስም በዚያው ሳምንት ተሰናበተ። ከ1968 ጀምሮ ያለ ቡድን ነው፤ ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሷል፤ ዋንጫ የለውም።