መኪና የማይጋጭባት ከተማ

በኮምፒዩተር ውስጥ የምትሠራ ከተማ አንድ የሚያስገርም ጠባይ አላት፤ መኪናዎቿ አይጋጩም። ይህን የተረዳነው እኛ ጥቂት የምሕንድስና ተማሪዎች ከአዲስ አበባ አደባባዮች አንዱን በሲሙሌሽን አስመስለን ለመሥራት በተነሣን ጊዜ ነው። የተጠቀምንበት መሣሪያ ሱሞ ይባላል። የጀርመን የበረራና የኅዋ ምርምር ማዕከል ሠርቶት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም በነጻ ይገለገልበታል፤ ለተማሪ ኪስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአሠራሩ ሐሳብ ከባድ አይደለም። ናገልና ሽሬክንበርግ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሞዴል መንገዱ 7.5 ሜትር ርዝመት ባላቸው ክፍሎች ይከፈላል። መኪናው በየሴኮንዱ ፍጥነት ይጨምራል፤ ከፊቱ ሌላ ካለ እንዳይነካው ይቀንሳል፤ አልፎ አልፎም ያለምክንያት ያዘግማል። (ይህን የመጨረሻውን ሕግ ያሰበው ሰው በእኛ ታክሲ የተሳፈረ ይመስላል።) የሱሞ ሕግ ከዚህ የረቀቀ ቢሆንም መኪናዎቹ እንዳይጋጩ ሆኖ የተሠራ ነው።

ታዲያ ሰው የማይሞትባት ከተማ ስለ ሰው ሞት ምን ታስተምራለች? ሊቃውንቱ የሚሰጡት መልስ ለጥቂት የተረፈውን መቍጠር ነው። ሃይዋርድ የተባለው ሰው በ1972 እ.ኤ.አ. ባቀረበው መለኪያ መሠረት ሁለት ተጓዦች ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን ሳይለውጡ ቢቀጥሉ ለመጋጨት ስንት ሴኮንድ እንደሚቀራቸው ይሰላል። ብዙ ጊዜ ከ1.5 ሴኮንድ በታች የሆነው እንደ አደጋ ይቈጠራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በዚህ ጊዜ 21 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ በ1 ሴኮንድ ቢነቃ፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደኅና ቢሆን እንኳ ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ግን 13 ሜትር ያህል ይበቃዋል።

ክርክር የተነሣብን ግን በሒሳቡ አልነበረም፤ ምን እንጠይቀው በሚለው ነበር። ሞዴሉ ፈጥኖ የሚያሳየው የመኪናዎችን መዘግየት ነው። በዚህ ሚዛን ብቻ ከተፈረደ ዜብራ ሁሉ ጥፋተኛ ነው፤ ቢፋቅ መኪናው ይፈጥናልና። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት ደግሞ እግረኞች ናቸው። የቀለበት መንገድ ሲሠራ መካከሉ ታጥሮ ለመኪናው ፍጥነት ተመቻቸ፤ ሰው አጥሩን ሲዘል ግን ስንት ጊዜ አይተናል!

እግረኛችንም መሣሪያው እንደሚያስበው አይሄድም። ሸክም የያዘች እናት ግማሹን ተሻግራ በነጩ መሥመር ላይ ትቆማለች። ወያላው ተሳፋሪ ያየ እንደሆነ ሚኒባሱ ከዜብራው ፊት ገትሮ ይቆምና ከበስተኋላው የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይጋርዳል። ይህን ሁሉ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ሌላ ስለሌለ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ከአንድ ፎቅ ሰገነት ላይ ቆምን። ዘበኛው «የምትቈጥሩት ሰው ነው ወይስ መኪና?» አሉን፤ ሁለቱንም ብንላቸው ወንበር አመጡልን።

አሁን አንድ ድንጋይ ሳይፈነቀል የታክሲውን ማቆሚያ ከዜብራው ወዲያ እናሳልፋለን፤ የመታጠፊያውን ማዕዘን እናጠባለን፤ በመካከልም ማረፊያ ደሴት እናስቀምጣለን። 14 ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት በሴኮንድ 1.2 ሜትር ለሚራመድ ሰው 12 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ደሴት ካለ ግን በአንድ ጊዜ ከ6 ሴኮንድ አይበልጥም፤ የሚመለከተውም አንድ ወገን ብቻ ነው። ለሽማግሌና ለሕፃን ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

የቀረን የምሽቱ ቈጠራ ነው፤ ሚኒባሶቹ ሲሻሙና መብራቱ ሲደክም ያለው ሰዓት። ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሁለት ሁለት ሆነን እንቆማለን፤ ስድስት ሰው ይጐድለናል። ወረቀቱን እኛ እናመጣለን፤ እርሳስ ያለው ይዞ ይምጣ።