ሳይሮጡ ስፖርተኛ

አንድ ወዳጄ አለ፣ አዲስ አበባ እያለ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ። ናይሮቢ ከመጣም ወዲህ ካሩራ ጫካ ውስጥ መሮጡን አልተወም። በቀደም ቡና ላይ ተቀምጠን ቴሌቪዥኑ ስለ ጎልፍ ሲያወራ ሲኒውን አስቀመጠና፣ "ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ስፖርት? ሰውዬው እኮ ቀበቶ ታጥቆ ነው የሚጫወተው!" አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለ ነው ዛሬ የማረዝምባችሁ።

ጥፋቱ መጀመሪያ የቋንቋችን ይመስለኛል። እኛ ኳስ እንጫወታለን፣ ካርታ እንጫወታለን፣ ስፖርት ግን "እንሠራለን"። ሥራ ነው፤ ላብና ትንፋሽ ያስከፍላል። ስለዚህ አንዱ ሳያልበው ስፖርተኛ ነኝ ብሎ ሲመጣ ሳይሠራ ደሞዝ የተከፈለው ሰው ይመስለናል።

በዚህ ሚዛን ግን አበበ ቢቂላን ምን ልናደርገው ነው? እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሰልፏል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዒላማውን እያየ። "አሁንስ ስፖርተኛ አይደለም" ብሎ ሊናገር የሚደፍር ሐበሻ ካለ ይምጣ። ወዳጄ ይህን ስነግረው ዝም አለና፣ "አበበ ሌላ ነው" አለ። ይሄ መልስ አይደለም።

ኦሎምፒክም ቢሆን ሲያመነታ ኖሯል። ጎልፍን በ1900 እና በ1904 አስገብቶ ተወው፣ ከ112 ዓመት በኋላ በ2016 ሪዮ ላይ መለሰው። ከዚህ ብዙ የምንማረው የለም፤ ኮሚቴ ኮሚቴ ነው።

እኔን ያናወጠኝ እዚሁ ናይሮቢ ያለው የሙታይጋ ጎልፍ ሜዳ ነው። አንድ የካቲት ላይ የኬንያ ኦፕንን ለማየት ሄጄ ነበር። ውድድሩ በ1967 የተጀመረ፣ በ1978 ሴቬ ባሌስቴሮስ ያሸነፈው፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ የአውሮፓው ዋና ዙር አካል የሆነ ነው። ከገመዱ ወዲህ ቆሜ ሳይ ተጫዋቹ ሳይሆን ካዲው፣ ቦርሳ ተሸካሚው፣ ነው ዓይኔን የያዘው። ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ መዳፉን በግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ የመሬቱን ዘንበል ያለበትን ጎን ያጠናል። ተነሥቶ በሌላው በኩል ዞሮ እንደገና ቁጢጥ። በተጫዋቹ ጆሮ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ። ተጫዋቹ ሊመታ ሲል ከመንገዱ አንድ ማታቱ፣ የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ፣ ጡሩንባውን ለቀቀው፤ ሰውዬው ወደ ኋላ አለና ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀመረ። ኳሷ ተንከባልላ ተንከባልላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትቆም ዓይኑን የጨፈነው ካዲው ነበር።

ደግሞ ከፍታው አለ። እኛ ከፍታን የምናውቀው በሩጫ ነው፤ ሳንባ የሚፈትን ነገር ነው። እዚህ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ወደ አሥር በመቶ ያህል ርቃ ትበራለች። ከአውሮፓ የመጣው ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን ርቀት እንደገና ማስላት አለበት። ሜዳው ላይ ያደገው ካዲ ስሌቱ በእጁ ነው። አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ ለመጨረስ ስምንት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይኬዳል፤ አሥራ አምስት ኪሎ የሚጠጋውን ቦርሳ ተሸክሞ የሚሄደውም እሱ ነው። ላብ ከተባለ ላቡ እዚያ ነበር።

ወዳጄን በእውነት የሚያናድደው የላብ ጉዳይ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። አጥሩ ነው። ናይሮቢ የባቡር ካምፕ ሆና በ1899 ተቆረቆረች፤ ገና በሰባት ዓመቷ፣ በ1906፣ የጎልፍ ክለብ ነበራት። ክለቡ በ1935 "ሮያል" የሚለውን ማዕረግ ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ አገኘ። ያኔ አፍሪካዊው በዚያ በር የሚገባው ቦርሳ ተሸካሚ ሆኖ ነው። ዛሬም የክለቡ አረንጓዴ ሣር ያበቃና የኪቤራ የድሆች ሠፈር ቆርቆሮ ይጀምራል። ቦታውን ከሰማይ የሚያሳየውን ፎቶ ያየ ሰው ጎልፍን በጠራ ቁጥር ትዝ የሚለው ዱላው ሳይሆን ያ መስመር ነው። እኛም አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ ሜዳ የምናውቀው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግንብ ውስጥ ነው፤ ያውም በወሬ።

ከዚያ በር በቦርሳ ከገቡት መካከል ግን ዱላውን የጨበጡ አሉ። ከኬንያ ፕሮፌሽናሎች ብዙዎቹ ካዲ ሆነው የጀመሩ ናቸው። በ1998 ጃኮብ ኦኬሎ የኬንያ ኦፕንን ሊወስድ ምንም አልቀረውም፤ በመለያ ምት በአርጀንቲናዊ ተሸነፈ። እስከ 2025 ድረስ ዋንጫውን ያነሣ ኬንያዊ የለም። ይህን ቁጭት የአገሩ ሰው ሲያወራው ብትሰሙ የእኛን የዋልያዎቹን ወሬ የምትሰሙ ነው የሚመስላችሁ። ሰው ለሽርሽር እንደዚህ አይቆጭም።

ዱላና ኳስ ለእኛስ መቼ እንግዳ ሆኖ? የገና ጨዋታ እኮ አለን። ቆልማማ ዱላ፣ ሩር፣ ጃንሜዳ የሚሞላ ሰው። ጌታው ቢመታ እንኳ የማይቆጣበት፣ ሎሌና ባላባት እኩል የሚጋፉበት ጨዋታ ነው። ልዩነቱ በገና ላይ ዱላ የሚሸከምልህ ሰው አለመኖሩ ነው።

ክርክራችንን ለመቋጨት ባለፈው ቅዳሜ ወዳጄን ወደ ንጎንግ መንገድ ወሰድኩት፤ የማንም አባል ሳይሆኑ ከፍሎ የሚመታበት ቦታ አለ። አንድ ወጣት አሠልጣኝ አያያዙን አሳየው። ወዳጄ በሙሉ ጉልበቱ ወዘወዘ፤ ኳሷ እዚያው ናት። ደገመ፤ ሣር ቆርጦ ወረወረ፣ ኳሷ እዚያው ናት። በሦስተኛው ሊወድቅ ሲል ልጁ ክንዱን ያዘውና "ፖሌ" አለው።

በማግስቱ ጠዋት ደወለልኝ። ካሩራ አልሄደም፤ ጎኑን ይዞት ከአልጋ መውረድ አቅቶታል። ስፖርት ነው አይደለም የሚለውን አላነሣም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በስዋሂሊ "ፖሌ" አይዞህ ማለት ነው፣ "ፖሌ ፖሌ" ደግሞ ቀስ በል ማለት ነው፤ "ልጁ አንዴ ነው ያለው ወይስ ሁለቴ?"