ልጄ፣ የአውሮፕላን ድምፅና ከፎም የሠራናት ግላይደር



ሰሞኑን አንዲት እናት ሳል የያዘውን ልጇን ይዛ መጣች። አይቼው፣ መድኃኒቱን ጽፌ ከሰጠኋት በኋላ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ አልጋ ሥር ይገባል። ይሄ በሽታ ነው ወይስ ጠባይ?» አለችኝ። ውጭ ወረፋው ረጅም ስለነበር በአጭሩ መለስኩላት። ሙሉውን መልስ እዚህ እንደምጽፍ ነግሬያት፣ ጥያቄዋን እንዳነሳም ፈቅዳልኛለች። የምጀምረው ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ቤት ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጄ አራት ዓመቱ ነበር። እንደ ብዙዎቻችሁ እኛም በአንድ ሌሊት ልብስ እንኳ በቅጡ ሳንሸክፍ ወጣን። ስንመለስ ቤቱ ቆሞ ጠበቀን፤ ልጁ ግን የድሮው ልጅ አልነበረም። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የመንገደኛ አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከተወ ዓመት ያለፈው የሌሊት ሽንት ተመለሰበት።

ይህ ፍርሃት ለቤታችን አዲስ አይደለም። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ትንሽ ልጅ ነበረች። በዚያ ቀን ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። እሷ የምታስታውሰው ግን ድምፁን ነበር። ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላ እንኳ አውሮፕላን ሲያልፍ የቡና ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። እኛ የልጅ ልጆቿ እንስቅባት ነበር። ልጄን ጠረጴዛ ሥር ተኮራምቶ ሳየው ያ ሳቅ አሳፈረኝ።

የመጀመሪያው መፍትሔዬ ስልክ ነበር። ድምፁ ሲመጣ ካርቱን ከፍቼ፣ ድምፁን ጨምሬ እሰጠዋለሁ። ዝም ይላል። ዝም ሲል ተሻለው እላለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኘሁት አሁንም አውሮፕላን የሚፈራ፣ በዚያ ላይ ከስልክ የማይላቀቅ ልጅ ነው። ይህን የማደርገው እናንተን በየሳምንቱ «የልጆቻችሁን የስልክ ሰዓት ቀንሱ» የምለው ሰው ነኝ።

በጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ወደ ሀገሯ መመለሷን ቴሌቪዥን ሲያሳይ ሁላችንም ሳሎን ነበርን። አውሮፕላን ስላየ ይነሳል ብዬ ስጠብቅ ልጄ አልተነሳም። ፀሐይ ቆማ ነበር፤ አትጮኽም።

«አባዬ፣ ይቺን ማን ሠራት?»

«ሰዎች። አዲስ አበባ ውስጥ። አንድ ጀርመናዊና የእኛ ሀገር ሠራተኞች ሆነው።»

«በእጃቸው?»

«በእጃቸው።»

ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ ነበር። አውሮፕላኗን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የሠራት በወረራው መግቢያ ላይ ነው። ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። ልዕልቷ ደግሞ በስደት ለንደን እያለች ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል የሕፃናት ነርስነት የተማረች ናት። የሕፃናት ሐኪም ስለሆንኩ ይህችን ክፍል ለልጄ በኩራት ነገርኩት። እሱ ግን «በእጃቸው» የሚለው ላይ ቀርቷል። ማታ ሲተኛ «እኛም በእጃችን እንሥራ» አለኝ።

አሁን ስለ እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለስልጠና ጀርመን በነበርኩበት ዓመት አንድ ጎረቤቴ የነበሩ አዛውንት ግላይደር ያበሩ ነበር። ግላይደር ማለት ሞተር የሌለው፣ በነፋስ ብቻ የሚንሳፈፍ አውሮፕላን ነው። የእሳቸው በሬዲዮ የሚታዘዝ ሞዴል ነው፤ ክንፉ ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ እጃቸው ላይ ባለው መቆጣጠሪያ የጅራቱን መታጠፊያ እያዘዙ ሰማይ ላይ ይጽፉበታል። አንድ እሑድ ቫሰርኩፐ ወደሚባለው የግላይደር ተራራ ወሰዱኝ። ቁመቱ 950 ሜትር መሆኑን ሲነግሩኝ ሳቄን ዋጥኩ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ እኛ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተወልደን ነው ጦሳን ቀና ብለን የምናየው!

የቦታው ታሪክ ግን አብሮኝ ቀረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመኖች ባለ ሞተር አውሮፕላን እንዳይሠሩ በውል ታገዱ። ወጣቶቹ ታዲያ እዚያ ተራራ ላይ ወጥተው ያለ ሞተር መብረር ጀመሩ፤ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ይወዳደሩበት ነበር። ሞተሩ ሲከለከል ነፋሱን ተማሩት።

ወደ ሀገሬ ስመለስ ሬዲዮዋን ግላይደሬን ለአዛውንቱ ትቼላቸው መጣሁ። ሀገራችን ውስጥ ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አይበርምም፤ በሬዲዮ የሚታዘዝ በራሪም ከዚያ የራቀ ነገር አይደለም። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ በዚህ ዘመን፣ በእኛ አካባቢ ሰማይ ላይ የማይታወቅ ነገር የሚያይ ሰው ምን እንደሚሰማው ከልጄ በላይ አስረጂ አልፈልግም። ስለዚህ ከልጄ ጋር የጀመርነው ሬዲዮም ባትሪም በሌላት፣ በእጅ በምትወረወር ትንሽ ግላይደር ነው።

ዕቃው ከቤት አልወጣም። ክንፉን ቴሌቪዥን ታሽጎ ከመጣበት ነጭ ፎም ቆረጥን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። ገላዋ ቀጭን ቀርከሃ፣ ጅራቷ ካርቶን ነው። መጀመሪያ በሱፐር ግሉ ላጣብቅ ብል ፎሙን በላው፤ ዓይናችን እያየ ቀለጠ። በኮላ ሠራንና ሌሊቱን አሳደርነው። ልጄ ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስቶ «ደረቀ?» አለ። በስልክ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር ሌሊት ተነስቶ የጠየቀኝ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ሜዳ ወጥተን ስንወረውራት አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ቆም ብላ፣ ዱብ አለች። እንደገና፤ ዱብ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ከእጁ ነጥቄ ክንፉን ገፋሁ፣ ጅራቱን አጠፍኩ፣ አፍንጫዋ ላይ ሳንቲም ለጠፍኩ፤ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ። ስወረውራት ወደ ግራ ዞራ ድንጋይ መታች። ልጄ ዝም ብሎ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። የአዛውንቱ ምክር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፤ በአንድ በረራ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ካልሆነ የትኛው እንዳዳነ የትኛው እንደገደለ አታውቅም ይሉኝ ነበር። እኔ ለበሽተኛ እንኳ ሦስት መድኃኒት ባንድ ቀን ስቀይር የምጠነቀቅ ሰው፣ ልጄ መጫወቻ ላይ ረሳሁት።

ይቅርታ ጠይቄው እንደገና ጀመርን። አሁን ወርዋሪውም ቀያሪውም እሱ፤ እኔ ዕቃ አቀባይ ነኝ። ሚዛኗን በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር ይዞ ይፈትሻል፤ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ሲለካ የክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሢሶ ላይ ስትይዟት ቀጥ ማለት አለባት። አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ዱብ የምትል ከሆነ ከፊት ክብደት ያንሳታል፤ ቁልቁል ከተተከለች ክብደቷ በዝቷል። የአንድ ብር ሳንቲም በፕላስተር ለጠፈ። በመጠኑ ተሻላት። ጭቃ ጨመረ። በዘጠነኛው ውርወራ ሜዳውን አቋርጣ ሣር ላይ እንደ ድመት ተቀመጠች።

ግን ፈጣን ነበረች፤ በጥቂት ሰከንድ ታርፋለች። «ለምን ትሮጣለች?» አለኝ። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ስስ አየር ክንፍን በደንብ ስለማይሸከም ያው ግላይደር እዚህ ከ10 በመቶ በላይ መፍጠን አለበት። ሳንባችንም ከዚሁ ስስ አየር ጋር ነው የሚታገለው አልኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ትልቅ ክንፍ እናድርግላት» አለ። አደረግንላት። በጦሳ ግርጌ፣ ነፋሱ ዳገቱን ገጭቶ ወደ ላይ በሚወጣበት ሰዓት ወረወራትና ከራሳችን ከፍታ በላይ ወጣች። ምንም ድምፅ የላትም። ልጄ ሰማይ ቀና ብሎ ሲስቅ ካየሁት ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር።

አሁን አንዳንድ እሑድ ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። እዚያ ዝቅ ስለሚልና ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ከሜዳው ሞቃት አየር ይነሳል፤ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ሳያማቱ ሲዞሩ የምታዩት በእሱ ላይ ተሳፍረው ነው። ከኤርፖርቱ ርቀን፣ ቦርከና አካባቢ ካለ ገላጣ ሜዳ እንጫወታለን። አንድ ቀን የመንገደኛ አውሮፕላን ሊያርፍ መጣ። ድምፁን ስሰማ ልጄን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ። እሱ ሱሪዬን ጨብጦ ቆመ። ተንቀጠቀጠ። ግን አልሮጠም፣ ቀና ብሎ እያየ «አባዬ፣ ጅራቱ እንደኛዋ ነው» አለ።

ድኗል አልላችሁም። ሌሊት ድምፅ ሲሰማ ዛሬም አልጋችን ላይ ይመጣል። ግን ጠረጴዛ ሥር መግባቱ ቀርቷል፣ የሌሊት ሽንቱም ቆሟል። እዚህ የደረስነው በግላይደር ብቻ አይደለም፤ ሙያው የሆነች የሥራ ባልደረባዬም ረድታናለች። ከዚህ ልምድ ለእናንተ የሚጠቅመውን ላስቀምጥ።

ልጃችሁ ድምፅ የሚፈራ ከሆነ፦

1. አትሳቁበት፣ «ወንድ ልጅ አይፈራም» አትበሉት። ፍርሃቱ ምክንያት አለው።

2. ከሚፈራው ነገር ጋር በግድ አታፋጥጡት። ከማያስፈራው ጥግ ጀምሩ፣ እርምጃውን እሱ ይምረጥ። ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ግን ፍርሃቱን ማስቀመጥ እንጂ ማከም አይደለም።

3. ቅዠት፣ የተመለሰ የሌሊት ሽንት፣ ከጓደኛ መሸሽ ወይም ከትምህርት መስነፍ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱት። ይህ እብደት አይደለም፤ የሚረዳ ሕክምና አለው።

4. ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ በብርሃን ቢውሉ ለዓይናቸውም ይጠቅማል፤ የሩቁን ነገር ያለማየት ችግር የመጀመር ዕድሉን ይቀንሳል።

ከልጃችሁ ጋር ግላይደር ልትሠሩ ካሰባችሁ፦

1. ምላጩን አዋቂ ይያዝ። ፎም በጋለ ሽቦ አትቁረጡ፤ ጭሱ ጎጂ ነው።

2. ሱፐር ግሉ ጣት ካጣበቀ በኃይል አትላቅቁ፤ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ዘፍዝፉት። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ የተጣበቀ ሽፋሽፍት አትጎትቱ።

3. ባትሪ ያለው መጫወቻ ካላችሁ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ትንሽ ባትሪ ከሕፃን አርቁ። ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች። እንዲያስመልሰው ሳትሞክሩ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ያበጠ ሊቲየም ባትሪም ቻርጅ አይደረግም።

4. ከገደል አፋፍ፣ ከአስፋልትና ከኤርፖርት ራቁ። ልጆች ሽቅብ እያዩ ነው የሚሮጡት። ኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ከተሰቀለች እርሷት፤ ሌላ ይሠራል።

ለዚያች እናት፦ ጥያቄሽ ጠባይም እብደትም አይደለም፤ የደነገጠ ልጅ ነው። አብሽሪ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትመጡ ከቤት ያለ ፎም ካገኘሽ ይዘሽልኝ ነይ፤ ሳንቲሙን እኔ አለኝ።

 ይጠቅመዋል ለምትሉት ወላጅ አካፍሉ፤ ጥያቄ ካላችሁም ጻፉልኝ።