የሚጠወልገው ቄጠማ

በዓል በደረሰ ቁጥር በአቃቂ ገበያ ሁለት ዓይነት ልምላሜ ይሸጣል፤ አንዱ ታጭዶ የመጣ ቄጠማ፥ ሁለተኛው ከፕላስቲክ የተሠራ ሣርና አበባ ነው።

በሰው እጅ የተሠራ ልምላሜ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ጀርመኖች የዝይ ላባ አረንጓዴ ቀለም እየነከሩ የገና ዛፍ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 የእንግሊዝ ኬሚስቶች ፖሊኢቲሊን የተባለውን ፕላስቲክ ሳያስቡት አገኙ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በላባና በመስታወት ይሠራ የነበረው የበዓል ጌጥ እየቆየ ወደ ፕላስቲክ ተለወጠ። ዛሬ የዓለም የገና ጌጥ አብዛኛው ዪዉ ከምትባል የቻይና ከተማ ይወጣል።

እኛም በቤታችን ከረከቦቱ ሥር የሚነጠፍ የፕላስቲክ ሣር አለን። ታጥቦ ለከርሞ ይደርሳልና አንነቅፈውም። ነገር ግን በቀዳም ስዑር ካህናት ያደሉንን ቄጠማ በራሳችን ላይ ስናስር ትንሿ ልጃችን፥ «አባዬ፥ የማይጠወልግ ሣር እያለን ይህን ለምን እናስራለን?» ብላ ጠየቀችን።

እንዲህም አልናት፤ ርግብ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ ስትመለስ የጥፋት ውኃ መጕደሉን አበሠረችው፤ ቄጠማውም የክርስቶስን ትንሣኤ ያበሥረናል። ኖኅ ያመነው ቅጠሉ ሕያው ስለ ነበረ ነው። ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ፥ በአቃቂ ወንዝ ላይ እንደምናየው ሁሉ በውኃ ላይ ይንሳፈፋልና፥ የምድርን መገለጥ ባላስረዳው ነበር።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ያለንን ፕላስቲክ በየዓመቱ ሳንጥል ለጌጥ እናቆየው፤ ለምስክርነት ግን የሚጠወልገውን ቄጠማ እንያዝ፤ ትርጓሜውንም ለልጆቻችን እንንገር።