ከጦሳ ሥር እስከ ቦርከና ዳር፦ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ



ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ «ስለምትኖሩበት አካባቢ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ከፎቶ ጋር አምጡ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፏን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት አሳምራ ጽፋ፣ ከሥሩ ግን አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃንና ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች እናት የሚታዩበትን ፎቶ ለጥፋ አመጣች። «ይህን ከየት አገኘሽው?» ብላት፣ «በስልክ ‹ወሎ› ብዬ ስፈልግ የመጣልኝ እሱ ነው» አለችኝ። ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው ደሴ ነው። ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ፊት ለፊቷ የሚቆመው ጦሳ ነው። ያን የመሰለ ረሃብ ከሰው ትሰማው እንደሆነ እንጂ በዓይኗ አላየችውም።

መልስ አጣሁ። ውጤቷን ሰጥቼ ደብተሯን መለስኩላት፤ ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም። ስለዚህ ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ ትምህርት በወጉ ከመጀመሩ በፊት፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ካሜራ ተውሼ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል አንድ ሳምንት ልዘዋወር፣ በየቀኑ ፎቶ ላነሳ፣ ማታ ማታ ደግሞ ያየሁትን ልጽፍ ወሰንኩ። ካሜራ መያዝ የጀመርኩት በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ሲሆን እስካሁንም ከጀማሪነት አልወጣሁም። የሚከተለው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

ቅዳሜ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ጦሳ አቅጣጫ ወጣሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ተራራ የከበባት ከተማ ናት። ክረምቱ ወጣ ቢባልም ጉሙ ቶሎ አይለቃትም። ከዳገቱ ላይ ቆሜ ከተማይቱን ላነሳ ብጠብቅ ብጠብቅ የሚታየኝ የባሕር ዛፍ ጫፍ፣ አንድ ሚናራና ጥቂት የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ሆነ። ድምፁ ግን ሁሉም ይሰማል፤ ዶሮው ይጮኻል፣ የታክሲው ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል፣ የሆነ ቤት ውስጥ ቡና ይወቀጣል። ፎቶ ድምፅ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ የዚያን ዕለት ጥሩ ፎቶ ይዤ በወረድኩ ነበር።

ልመለስ ስል በግ የሚጠብቅ ልጅ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። በጎቹን እየተከተለ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል ካሜራዬን አነሳሁ። አየኝና «ቆይ! ቆይ!» ብሎ ሹራቡን ቆለፈ፣ ኮፍያውን አቃና፣ አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳቁ ሁሉ ጠፋ። «እንደ ቅድሙ ሁንልኝ» ብለው፣ «ቅድምማ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለኝ። እሱ እንዳለው አነሳሁት። ቤት ገብቼ ሳየው መጀመሪያ ከፋኝ፤ እኔ የፈለግኩት ዝላዩን ነበርና። ቆይቼ ግን ልጁ ራሱን እንዴት ማሳየት እንደሚፈልግ ከእኔ በላይ ያውቃል አልኩ።

እሑድ። ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ጎራ አልኩ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በዒድ ቀን አዲስ ልብስ ለብሰን፣ ፏፏቴ በተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆመን ያነሱን እሳቸው ነበሩ። ደሴ ውስጥ ከእኔ ጋር ያደገ ሰው ሁሉ በዚያ ፏፏቴ ፊት ሳይቆም አልቀረም። የድሮ ኔጋቲቮቻቸውን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገው፣ በየዓመቱ ለይተው ያስቀምጡ ነበር። በጥቅምት 2014 ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ እሳቸውም እንደብዙው ሰው ሸሽተው ነበር። ሲመለሱ ካሜራውም ማተሚያውም የለም፤ ቆርቆሮዎቹ ተገልብጠው ኔጋቲቩ ወለሉ ላይ ተረጋግጧል። «ካሜራውስ ይሁን፣ ይሸጣል። ይህን ማን ይገዛል ብለው ነው የረገጡት?» አሉኝ። ከወለሉ የለቀሙትን በፌስታል አድርገው አሳዩኝ። አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት። ሙሽሮች ናቸው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ፣ በሙሽራዋ ፊት ላይ ደግሞ የጫማ ምልክት አለ።

የደሴ ሙዚየምም በዚያው ጊዜ ተዘርፏል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ህዳር 27 ቀን 2014 ነበር። ከዚያ 86 ዓመት በፊት፣ ህዳር 26 ቀን 1928፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደብድበዋታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን እዚህ አድርገው ስለነበር የውጭ አገር ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎችም ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ንጉሡ ካልፈነዳ ቦምብ ላይ አንድ እግራቸውን አሳርፈው የሚታዩበት፣ ዓለምን የዞረው ፎቶ የዚያ ድብደባ ትዝታ ነው። የንጉሡንም የቦምቡንም ፎቶ ዓለም አይቷል፤ ቤቱ የተቃጠለበትን የደሴ ሰው ፎቶ ግን እኔ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ። ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ስትወርዱ ግን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ደሴ ላይ ጃኬት ደርቤ ተሳፍሬ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አወለቅኩት፣ ኮምቦልቻ ስደርስ የሸሚዜን እጅጌ ሰበሰብኩ። ከላይ ገብስ ነበር፣ ከታች ማሽላ ሆነ። አደይ አበባው ዳገቱን ሁሉ ቢጫ አልብሶታል። ሹፌሩ መንዙማ ከፍቶ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሉታል። ሱብሐነላህ! ፎቶ አላነሳሁም። የሚኒባሱ መስኮት አቧራ ነበረ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ማንሳቱም ትዝ አላለኝም።

ማክሰኞ ቁርአን ያስቀሩኝን ኡስታዝ ልዘይር ሄድኩ። አሁን የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው። በልጅነታችን በክፍላቸው ውስጥ ሥዕል እንድንሥል አይፈቅዱም ነበር። እሳቸው ራሳቸው ፎቶ የተነሱት አንዴ፣ ለሐጅ ፓስፖርት ብቻ ነው። ካሜራውን አንገቴ ላይ ሲያዩ ፈገግ አሉ። የዑለማዎችን ልዩነት እሳቸው ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶ ማንሳት ጥላን ይዞ ማስቀረት እንጂ መፍጠር አይደለም ብለው የፈቀዱ ሲሆን፣ እንደ ሸይኽ ኢብን ባዝ ያሉት ደግሞ ግድ ካልሆነ በቀር ከልክለዋል። እኔም መምህርነቴ አልለቀኝ ብሎ፣ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሃይሠም ከሺህ ዓመት በፊት በጨለማ ክፍልና በጠባብ ቀዳዳ የብርሃንን ጠባይ እንደመረመረ፣ የዛሬውም ካሜራ ያ ጨለማ ክፍል መሆኑን አወራሁላቸው። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን የመዲና ፎቶ እያሳየሁም፣ መዲናን መጀመሪያ ፎቶ ያነሳት በ1861 እ.ኤ.አ. ሙሐመድ ሳዲቅ የተባለ ግብፃዊ መኮንን ነው አልኳቸው።

አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «ሁሉም ጥሩ። ካነሳኸው በኋላ ለማን ትሰጠዋለህ?» አሉኝ።

«ማለት?»

«የሰው ፊት ወስደሃል። አማና ነው። ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል ወይ?»

የበግ ጠባቂው ልጅ ትዝ አለኝ። የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ረቡዕና ሐሙስ አያቴ ቤት ነበርኩ። ቤታቸው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቦርከና አቅጣጫ ነው። ወደ ሰማንያ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ግድግዳቸው ላይ ካዕባ አለ፣ የልጅ ልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ አለ፤ የእሳቸው የለም። ከቀበሌ መታወቂያ በቀር ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም፤ በሠርግ እንኳ ፎቶ ሊነሳ ሲል ወደ ጓዳ ይገባሉ። እኔ ዓይናፋርነት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ማታ፣ ቡናው አቦል ላይ ሳለ፣ የተማሪዬን ታሪክ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ሁለተኛውን ቀድተው ሲያበቁ ራሳቸው ጀመሩ። በ77 ከቀዬአቸው ወጥተው ባቲ፣ መጠለያው ገብተው ነበር። ሁለት ልጆች ይዘዋል፤ እናቴንና የእናቴን ታናሽ። አንድ ቀን ካሜራ የያዘ ፈረንጅ መጣ። አያቴ የትንሿን ልጅ ፊት በነጠላቸው ሸፈኑት። ሰውየው አልሄደም፤ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። «አየር እንድታገኝ ብዬ ስገልጥላት ቀጭ አደረገው» አሉ። ልጅቷ በሁለተኛው ሌሊት ሞተች። «ከሷ የቀረ ነገር ቢኖር እሱ ነው። እሱም እኔ ጋ የለም።»

ውድ አንባብያን፣ ስለዚያ ዘመን ፎቶ አንሺዎች ክፉ ብቻ ብናገር ሐቅ ማጉደል ይሆንብኛል። የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ተሸፍኖ ሳለ ለዓለም የገለጠው የእንግሊዛዊው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነበር፤ ያው ፊልም ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት በአገራችን ቴሌቪዥን ታይቷል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ የታየውንና ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም የተነሳውን ፊልም የቀረጸው ደግሞ የናይሮቢ ተወላጁ ሙስሊም ወንድማችን መሐመድ አሚን ነው። እህሉ በመርከብና በአውሮፕላን የጎረፈው ከዚያ በኋላ ነው። መሐመድ አሚን ስለ ሐጅ ጉዞም በ1978 እ.ኤ.አ. የፎቶ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። በ1983 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ በሰው ሠራሽ እጅ ሥራውን ቀጠለ፤ ህዳር 14 ቀን 1989 ከአዲስ አበባ ተነስቶ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት። እናቴ ባቲ ላይ የበላችው ዱቄት በዚያ ፊልም ሰበብ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ እኔም ይህን የምጽፈው በእሱ ካሜራ ሰበብ ነው። ይህን ሳስብ የአያቴን ቅያሜ ከምን ላይ እንደማስቀምጠው ግራ ይገባኛል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ አንዱን አያጠፋውም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልኬ የባቲን የ1977 ፎቶዎች ስፈልግ አደርኩ። ብዙ ናቸው። ከሥራቸው «እናትና ልጅ፣ ኢትዮጵያ» የሚል ተጽፎባቸዋል፤ አንዳንዱ ዓመተ ምሕረት አለው፣ የፎቶ አንሺው ስም አለው፣ ዋጋም አለው። የእናትየዋን ስም የያዘ አንድ እንኳ አላገኘሁም። ነጠላ የያዙትን ሁሉ እያጎላሁ አየሁ። አክስቴን ብታገኛትስ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ በምን አውቃታለሁ? የማውቃት በአያቴ ድምፅ ብቻ ነው። ሱብሒ ሲቃረብ ስልኩን ዘጋሁት። ለአያቴ አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ ካሜራው ከቦርሳ አልወጣም። ከአጎቴ ጋር ማሽላ ስንጠብቅ፣ ወፍ ስናባርር ዋልን።

ጁምዓ። ከሶላት ስመለስ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ አጎቶቼ ከነልጆቻቸው፣ ጎረቤትም ጭምር። ዶሮ ታርዷል፤ አያቴ ቆመው ያስተናግዳሉ፣ «ብላ እንጂ» እያሉ በልቶ የጠገበውን ያጎርሳሉ። እሳቸው የበሉት ሰው ሁሉ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ዘለግ አድርገው በሉ። እጃቸውን ታጠቡ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ደጃፍ ላይ ባለው ዱካ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ካሜራህ አለ?»

«አለ፣ እማ።»

«አሁን አንሳኝ። በልቻለሁ።»

ፀሐዩ የኮምቦልቻ የስምንት ሰዓት ፀሐይ ነው፤ ግማሽ ፊታቸው በጣሪያው ጥላ ውስጥ፣ ግማሹ ብርሃን ላይ ሆነ። ባለሙያ ቢሆን ወንበሩን ያስነሳቸው ነበር። እኔ ዝም ብዬ አነሳሁ። እንደ በግ ጠባቂው ልጅ ቀጥ ብለው፣ ሳይስቁ ነበር።

«ስንት ታወጣለህ?»

«የፈለጉትን ያህል።»

«ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ። ከጀርባው ስሜን ጻፍበት።» ትንሽ አሰቡና፣ «የልጄንም ስም ጨምርበት» አሉ፤ ያችኑ ባቲ የቀረችውን።

ቅዳሜ ደሴ ተመልሼ ፎቶ ቤቱ ገባሁ። ዘጠኝ አሳተምኩ። ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ በእያንዳንዱ ጀርባ ሁለቱንም ስም ጻፍኩ። ከሥር ደግሞ ቦታውንና ቀኑን ጨመርኩበት። የበግ ጠባቂውን ልጅ ፎቶ አንድ አሳትሜ ኪሴ ከትቻለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢንሻአላህ ጉሙ ቢኖርም ባይኖርም ወደ ጦሳ እወጣለሁ።