የትውልድ ሐረግና ጀርባው ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ

በቀድሞው ዘመን የባላገር ልጅ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ከመድገሙ አስቀድሞ፣ ወይም ከዚያው ጋራ ጎን ለጎን፣ ከአባቱና ከአያቱ አፍ የሚቀበለው አንድ ትምህርት ነበረ፤ ይኸውም የወላጆቹን ወላጆች ስም በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ድረስ መቍጠር ነው። ይህ ትምህርት ዛሬ ብዙ ሰው እንደሚመስለው የቀደሙትን ለመዘከር ብቻ የተሠራ አልነበረም። እስከ ሰባት ቤት የሚደርስ ዝምድና ጋብቻን ስለሚከለክል፣ ልጆች ከመታጨታቸው በፊት ሽማግሎች የሁለቱን ወገን ሐረግ መርምረው «አይዛመዱም» ብለው መመስከር ነበረባቸው። ከዚህ ይልቅ የበረታው ምክንያት ግን፣ እኔ እንደማምነው፣ ርስት ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚወርድ መብት ስለ ነበረ፣ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው መሬቱን ቀድሞ ካቀናው አባት ተነሥቶ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ትውልድ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ሳይደናቀፍ መቍጠር፣ ተከራካሪው ቢያቋርጠውም ካቆመበት ቀጥሎ መጨረስ ይገባው ነበረ፤ መካከል ላይ አንዲት አያት የዘነጋ ሰው እርሻውን ሊያጣ ይችል ነበርና።

እንግዲህ የትውልድ ቍጥራችን ጠባቂ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ሙግትም ነበረ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ባደረገ ጊዜ የርስት ክርክርም አብሮ ቀረ። ዐዋጁ ለጭሰኛው ያመጣለትን ዕረፍት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቈጭም፤ እኔም አልቈጭም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐረግ የሚቈጥር አፍ ደመወዙን አጣ፣ የልጁም ጆሮ ወደ ሌላ ትምህርት ዘወር አለ። እነዚያ ሽማግሎች አንድ በአንድ ሲያልፉ ለእኛ የቀረልን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ጥቂት ፎቶግራፍና ጥቂት የተጣጠፈ ወረቀት ነው፤ እርሱም የሚናገረው እንዴት እንደሚጠየቅ ለሚያውቅ ብቻ ነው።

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን የገባው በአመዛኙ ከጦርና ከነገሥታት ጋራ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋራ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አምጥቶ ስለ ነበረ፣ በኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ቀደምት ሥዕሎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመቻ ትሩፋት ናቸው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በታወቀችው በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን መሣሪያ ፊት ተቀመጠ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ ቀጠሉበት። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 የተነሡትን ሥዕሎች አሰባስበው አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ስብስቦች ውስጥ የእኔና የአንባቢዬ አያቶች ቢገኙ እንኳ የሚገኙት ስማቸው ሳይጠራ፣ «ወታደር» ወይም «ገበያተኛ» ተብለው ነው። ተራው ቤተ ሰብ በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ፈቃዱ ፎቶ ቤት ገብቶ መነሣትን ያዘወተረው በአመዛኙ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ነው።

የፎቶ ቤት ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው። ታላቅ የተባለው ሰው በወንበር ይቀመጣል፣ ሚስት ከጎኑ፣ ልጆች ከፊት፣ ወጣቶች ከኋላ ይቆማሉ፤ ከጀርባቸው የተቀባ መጋረጃ፣ ከጎናቸውም ራዲዮ ወይም የፕላስቲክ አበባ ይደረጋል። ይህን ሥርዓት የተረዳ ሰው ስሞቹን ባያውቅ እንኳ የቤቱን ማዕርግ ማንበብ ይችላል። ዘመኑን ደግሞ ልብሱ ይነግረዋል፤ የክብር ዘበኛ መለዮ፣ ከኮሪያ ዘመቻ የተመለሰ ወታደር ሜዳይ፣ በ1960ዎቹ የጐፈረው አፍሮ ጠጕር፣ እያንዳንዱ የዘመን ምልክት ነው። የወረቀቱ ጠርዝ፣ ከጀርባው የተመታው የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ «ለማይረሳ መታሰቢያ ይሁን» ከሚለው ቃል ጋራ የተጻፈው ቀን ሁሉ ይጠቅማል። ሆኖም ልብስ ሁልጊዜ አይታመንም፤ ኮትና ክራባት ለደንበኛ የሚያውሱ ፎቶ ቤቶች ስለ ነበሩ፣ የአንዱ አጎት ክራባት የሠፈሩ ሁሉ ክራባት ሊሆን ይችላል።

ከፎቶግራፍ ቀጥሎ የሚያስቸግረው የዘመን ነገር ነው። የእኛ አሮጊቶች ዓመተ ምሕረት አይጠሩም፤ ዓመቱ በየተራ የሚሰየምበትን ወንጌላዊ ይጠራሉ። አያቴ «በዘመነ ማቴዎስ፣ ከኅዳር በሽታ በኋላ ተወለድሁ፤ ጃንሆይ ዘውድ ሲጭኑ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋራ አደባባይ ወጥቻለሁ» ይሉ ነበር። ይህ ቃል ለተቻኰለ ሰው ተረት ይመስለዋል፤ ለዘመን ቈጠራው ለባሕረ ሐሳብ ግን ሙሉ ማስረጃ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል አንድ የሚተርፈው ዓመት ዘመነ ማቴዎስ ስለ ሆነ፣ በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከዋለው ንግሥ በፊት ያሉት ዘመናተ ማቴዎስ ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1913፣ 1917ና 1921። የሁለት ዓመት ሕፃን ንግሥ ስለማያስታውስ 1921 ይወድቃል። ታናሽ ወንድማቸው አባቱን ተከትሎ ስንቅ ተሸክሞ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው መዝመቱን ደግሞ ዘመድ ሁሉ ይመሰክራል፤ እርሳቸው በ1917 ቢወለዱ ኖሮ ታናሻቸው በዚያን ጊዜ ገና አሥር ዓመት ባልሞላው ነበርና 1917ም ይወድቃል። የቀረው 1913 ነው። መታወቂያቸው ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ዓመት ነበር፤ እኔ ከወረቀቱ ይልቅ የእርሳቸውን ቃል አምናለሁ።

ስምም እንደ ዘመን ያታልላል። የቤተ ሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር ስለሌለን ልጅ የአባቱን ስም አስከትሎ ሲጠራ የቅድመ አያቱ ስም ከመዝገቡ ይወጣል፤ ሰንሰለቱ በየትውልዱ አንድ ቀለበት ይጥላል። በዚያም ላይ አንድ ሰው በቤት አንድ ስም፣ በክርስትና ሌላ ስም፣ ጦር ሜዳ የዋለ እንደ ሆነም ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክንም አባ ዳኘው እንዳሰኛቸው ያለ የፈረስ ስም ነበረው። በደብሩ መጽሐፍ ገብረ ማርያም የተባለውና በግብር ደረሰኝ ላይ በዓለም ስሙ የተጠራው አንድ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ሽማግሌ ካልተገኘ፣ ፈላጊው አንዱን ቅድመ አያት ሁለት አድርጎ ይጽፋል።

ስለ ወረቀት ከተናገርን፣ ከሁሉ የምወደው የሰማንያ ውል ነው። የሙሽራውና የሙሽራይቱ ስም ከነአባቶቻቸው፣ የዋሶቹና የምስክሮቹ ስም፣ የእያንዳንዱ ወገን ከብትና ገንዘብ፣ ከግርጌውም የጣት አሻራ ይገኝበታል፤ ዋስ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ፣ ከሌላ ቦታ የጠፋ አጎት እዚያ ላይ ብቅ ይላል። ከዚህ ወደ ኋላ መሄድ የሚሻ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። አባቶቻችን የመሬት ስጦታንና ሽያጭን፣ ውርስንና እርቅን በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎችና በኅዳጉ ላይ ይጽፉ ነበረ፤ ቃሉን የሚሽር ሰው በወንጌል ላይ የተጻፈውን እንደ ሻረ ይቈጠርበት ዘንድ። ዶናልድ ክራሚ የተባለው ሊቅ እንደነዚህ ባሉ ጽሑፎች ላይ ተመሥርቶ ስለ መሬትና ስለ ኅብረተ ሰብ አንድ ታላቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትሟል፤ ከመጽሐፉም ነገሥታትና መኳንንት ብቻ ሳይሆኑ ርስት የሸጡና የገዙ፣ የተሟገቱም ወይዛዝርት ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቶ ቅጂውን በአሜሪካ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል አኑሮታል፤ ብዙ ዘመን ሲመረምሩትና ሲዘረዝሩት የኖሩትም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በሚኒሶታ የሚኖረው ያገራችን ልጅ ከአያቱ ደብር ተራራና ባሕር ቢለየው፣ የደብሩ መጻሕፍት ሥዕል ምናልባት ከቤቱ የጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላለ ሰው በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር፣ ደግሞም በ1955 ዓ.ም. ተቋቁሞ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቀመጠው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደጃቸው ክፍት ነው። በአሮጌ ደብዳቤ ውስጥ ማደሪያ፣ ጋሻ መሬት፣ አሥራት የሚል ቃል ያጋጠመው ሰው የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን ዝክረ ነገር ይግለጥ፤ በ1942 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የመንግሥቱን ሥርዐት፣ የግብሩንና የመሬቱን ስሪት ዘርዝሮ ያስረዳል።

በቀብር ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክም አትናቁ። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በዚህ አገር ተወለዱ» የሚለው መጀመሪያው ብዙውን ጊዜ የታመነ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ ሟች ሁሉ ደግና እንግዳ ተቀባይ የሚሆንበት ክፍል ግን ለሐዘንተኛው እንጂ ለታሪክ ጸሐፊ አልተጻፈም። የመጀመሪያውን ገጽ አስቀርታችሁ አኑሩት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ሐረጉን ሲቈጥር ወደ አንድ ራስ ወይም ወደ አንድ ደጃዝማች የማይደርስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ከባሪያ ወይም ከጠይብ ተወለድሁ ያለኝም አንድ ሰው የለም። ነገር ግን ባርነትን የሚገድበው ዐዋጅ በ1916፣ ፈጽሞ የሚሽረውም በ1934 ዓ.ም. እንደ ወጣ ሁላችን እናውቃለን፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ልጅ ሳይወልድ አላለፈም። ስለ እነርሱ ዝም የተባለው የቈጣሪው ፍላጎት ርስት ስለ ነበረ ነው፤ ርስት የሌለው ሰው በሐረጉ ውስጥ ምን ሥራ አለው? ሐረግ የሚያከብራትን አያት በእናት በኩልም ቢሆን አይዘነጋም፤ በዚህ ከዛሬው የስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ወረቀት ይሻላል። በማድ ቤት ያደገችውን ግን አያውቃትም።

ፎቶግራፍ ሳያስበው ያውቃታል። በ1945 ዓ.ም. የተነሣ አንድ የቤታችን ሥዕል አለ፤ የእናቴ አጎት በርኖስ ደርበው ተቀምጠዋል፣ ባለቤታቸው ካባ ለብሰዋል፣ ልጆቹ ተደርድረዋል፤ ከዳር፣ የሥዕሉ ጠርዝ ግማሽ ትከሻዋን በቈረጠበት ቦታ፣ ሕፃን ያቀፈች አንዲት ልጅ እግር ቆማለች። የሕፃኑን ስም ሁሉም ያውቃል፤ የልጅቱን ስም የሚነግረኝ አላገኘሁም። «እኛው ጋ ያደገች ናት» ይሉኛል፤ ከየት እንደ መጣች፣ ወዴት እንደ ሄደች፣ ልጅ ትውለድ አትውለድ የሚያስታውስ የለም። ከዚያ ቤት የወረስነው ርስትና ማዕርግ ሁሉ ጠፍቷል፤ እርስዋ ያቀፈችው ሕፃን ግን አድጎ ልጆች ወልዶ ዛሬ የልጅ ልጆቹ በሦስት አህጉር ተበትነው ይኖራሉ። ወደ ሐረጌ ሠንጠረዥ ላስገባት ብል ዘመዶቼ «ምን አገባት?» ብለው እንደሚቈጡ አውቃለሁ። አስገብቻታለሁ።

ቀደም ብሎ በሥራ ላይ የዋለ የልደትና የሞት መዝገብ ቢኖረን ኖሮ ብዙው ድካም በቀለለ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ደንግጎ ነበረ፤ አገር አቀፉ ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው ግን በ2004 ዓ.ም. ከወጣው ዐዋጅ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በመካከሉ ያለፈው ትውልድ መዝገቡ ሰው ነው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የቀይ ሽብሩ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ስንቱ ቤተ ሰብ ፎቶግራፉንና ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ እንደ ከተተ፣ በዚያ ዘመን የነበሩ ሁሉ ያውቃሉ።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ወዳጆቼ፣ በዚህ ሳምንት ሣጥኑን ክፈቱ። ሥዕሉን ከአልበሙ በጉልበት አትላጡት። ፊቱንም ጀርባውንም በስልካችሁ አንሡ። ከዚያ ከቤቱ ታላቅ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ከግራ ወደ ቀኝ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ የክርስትና ስሙንም ጭምር ጠይቁ፤ ድምፃቸውን ቅዱ። በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጨምሩ። ከዳር የቆሙትንም ጠይቁ። ስማቸው ካልተገኘ «ስሟ ያልታወቀ፣ ልጆቹን ያሳደገች» ብላችሁ ጻፉ እንጂ ቦታውን ባዶ አትተዉት።