ጠርሙሱ ይመለሳል፣ ሃይላንዱ ይቀራል

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ እየሄድኩ ነበር። ሚኒባሱ ከተማዋን ለቆ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሰውም የያዘውን ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት ሃይላንዱን ጨረሰና ለረዳቱ አሳየው፤ «የት ላድርገው?» አለ። ረዳቱ አልመለሰለትም። እጁን ዘርግቶ መስኮቱን ከፈተለት።

እኔም በእጄ ባዶ ሃይላንድ ነበር። መወርወር አፈርኩ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ትንሽ እንደሄድን አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ዳገቱን ሲወጣ አገኘነው። የጫነው ባዶ የቢራ ጠርሙስ ነው፤ ሳጥን በሳጥን ላይ ተደርድሮ በገመድ ታስሯል። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከጊምቢ ይሁን ከደምቢ ዶሎ። የሚሄድበትን ግን አውቃለሁ። ወደ ፋብሪካው ነው።

ጉዞው እስኪያልቅ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ከአዲስ አበባ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደምቢ ዶሎ ላይ የተጠጣ ቢራ ጠርሙሱ ወደ መጣበት ይመለሳል። እዚያው ሱቅ የተሸጠው የውሃ ፕላስቲክ ግን ዴዴሳ ውስጥ ይቀራል። መንገዱ አንድ ነው፤ ሱቁም፣ ብዙ ጊዜም ነጋዴው አንድ ነው። ልዩነቱ ጠርሙሱና ሳጥኑ ማስያዣ ያላቸው መሆኑ ነው። የሚቀበላቸው የታወቀ ነው፤ ያልመለሰ ይከፍላል። ሃይላንዱን ግን የእኔ ነው የሚል የለም።

ወዳጆቼ፣ የወለጋ ከተሞች የቆሻሻ ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ባለቤት አጥቷል ስል የጽዳት ሠራተኛ የለም ማለቴ አይደለም። በየከተማው ሌሊት ተነስተው የሚጠርጉ እናቶች አሉ፤ በጋሪ የሚሰበስቡ የወጣት ማህበራት አሉ፤ በየሰፈሩ የሚዞር ቆራሌው አለ። የጠፋው ቆሻሻው ከከተማው ክልል ከወጣ በኋላ ያለው ባለቤት ነው። ማዘጋጃ ቤት እስከ ወሰኑ ድረስ ያቅዳል። ከወሰኑ ማዶ ያለው የወረዳው ነው፤ ከዚያም የሌላ ዞን ነው፤ ከዚያም የወንዙ ነው።

ወንዙ ደግሞ ወሰን አያውቅም። የነቀምቴ ጎርፍ ወደ ዴዴሳና ወደ አንገር ይወርዳል፤ አንገርም ዞሮ ዴዴሳን ይቀላቀላል። የጊምቢም ወደ ዴዴሳ ነው። የመንዲ አካባቢ ወደ ዳቡስ ያዘነብላል። ዴዴሳም ዳቡስም የሚገቡት ዓባይ ውስጥ ነው፤ የሚገቡትም ከህዳሴ ግድቡ በላይ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ አብረን ደስ ብሎናል፤ ብዙዎቻችን ቦንድ ገዝተንበታል። በዚያው ክረምት ከየከተሞቻችን ቦይ የታጠበው ፌስታልና ሃይላንድ ወዴት እንደሄደ ግን ብዙም አልተነጋገርንም። ወለጋ ዝናቡ ብዙ፣ መሬቱ ተዳፋት ነው። እኛ ያላነሳነውን ጎርፉ ያነሳዋል።

*

በእነዚህ ከተሞች በአንዱ (ስሙን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ከተማ ስላልሆነ) ቆሻሻ ከሚደፋበት ገደል ስር የሚኖሩ አንዲት እናት አግኝቼ ነበር። እርሻቸው ከገደሉ በታች ነው። በኦሮምኛ እያወራን ወደ ማሳው ጫፍ ወሰዱኝና በበትራቸው አፈሩን ገለጥ አደረጉት። ከስሩ ፌስታል ነው። ትንሽ ራቅ ብለው ሌላ ቦታ ገለጡ፤ አሁንም ፌስታል።

«ላሜ ይህን በልታ ነው የሞተችው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ኢልማ ኮ፣ ከተማው የሚበላውን እኔ አልበላሁም። የሚጥለውን ግን ለኔ ነው የሚጥለው።»

ምን ብዬ ልመልስላቸው? ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ጋዜጠኛ መልስ ሲያጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይህን የማነሳው «ከተሞች ተባብረው የጋራ የቆሻሻ ማስወገጃ ይሥሩ» የሚለው ሐሳብ ወረቀት ላይ በጣም የሚያምር ስለሆነ ነው። ለአንድ ትንሽ ከተማ ደረጃውን የጠበቀ ማስወገጃ መሥራት አቅም አይፈቅድም፤ ለአምስት ከተማ ግን ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እውነት ነው። ግን የአምስት ከተማ ቆሻሻ አንድ ቦታ ይሄዳል ሲባል የማን ማሳ ላይ እንደሚሄድ ካልተጠየቀ፣ የሚፈጠረው የእኚያን እናት ችግር በአምስት ማባዛት ነው።

ይህን ደግሞ በአገራችን አይተነዋል።

አዲስ አበባ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቆሻሻዋን ረጲ፣ ማለትም ቆሼ ስትደፋ ኖረች። ቦታው ሲሞላ በፈረንሳይ ድጋፍ ሰንዳፋ አካባቢ፣ በኦሮሚያ መሬት ላይ፣ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ። ሐሳቡ ልክ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ሽታውን፣ የውሃቸውን መበከልና የከብቶቻቸውን መሞት እያነሱ ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ተዘጋ። የሠራው ለወራት ብቻ ነው። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ።

ለክምሩ መናድ አንድ ምክንያት ብቻ አልሰጥም። ነገር ግን ሰንዳፋና ቆሼ አንድ ታሪክ ናቸው። በአንድ በኩል ያለ ገበሬ ሳይስማማ የተሠራ ማስወገጃ ሲዘጋ፣ በሌላ በኩል ያለ ድሃ ቤት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ረጲ ላይ በነሐሴ 2010 የተመረቀው ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታሰበ ትልቅ ፋብሪካ ነው። ሁለቱ አስተዳደሮች ከገበሬው ጋር ቁጭ ብለው ሊሠሩት ይገባ የነበረውን ንግግር ግን ፋብሪካ አይተካውም።

ለወለጋ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ትብብሩን ከጉድጓዱ አንጀምር።

*

ታዲያ ከምን እንጀምር? ጠርሙሱ ካስተማረኝ ልነሳ።

ከከተሞቻችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ የአትክልት ትርፍራፊ፣ የጫት ገራባ፣ ቅጠልና የቡና ገለፈት። ይህ እርጥብና ከባድ ነው። ከጊምቢ ነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ጭኖ መሄድ ነዳጅ ማቃጠል ነው። እዚያው በየከተማው ኮምፖስት ሆኖ ወደ ማሳ መመለስ አለበት። በዚህ በኩል ከተሞቹ መጋራት ያለባቸው ቆሻሻውን ሳይሆን እውቀቱን ነው። ነቀምቴ ላይ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ቢዞር፣ ለየከተማው አንድ አንድ ባለሙያ ከመቅጠር ይቀላል።

ደረቁና የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው። ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ብረት፣ ጀሪካን። ይህን ዛሬም ቆራሌውና ልጆች ይሰበስቡታል። ችግሩ ሃይላንድ አየር ነው፤ አንድ ኢሱዙ ሙሉ ጭነህ ሚዛን ላይ ስታወጣው የነዳጁን አይከፍልም። አንድ ሹፌር ጠይቄው «ከቡና ወቅት ውጪ ባዶዬን የምመለስበት ቀን ብዙ ነው። ግን ሃይላንድ ጭኜ ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። መልሱ መጭመቂያ ማሽን ነው። አንድ ትንሽ ከተማ ብቻዋን ማሽን ብትገዛ የምትጨምቀው አታገኝም። መንገዶቹ የሚገናኙት ነቀምቴ ላይ ነው፤ የጊምቢው፣ የበደሌው፣ የቡሬው፣ የባኮው። አንድ የጋራ መሰብሰቢያ እዚያ ቢኖር የአርጆም የስሬም የነጆም ሃይላንድ ክብደት ይኖረዋል፤ ክብደት ካለው ዋጋ አለው፤ ዋጋ ካለው ከመስኮት አይወረወርም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው፣ የማይበሰብስም የማይሸጥም፣ ዛሬ ከምንደፋው እጅግ ያነሰ ይሆናል። የጋራ ጉድጓድ አስፈላጊነቱ ለእሱ ነው። ያን ጊዜ ወደ ገበሬው ስትሄድ የአምስት ከተማ ክምር ይዘህ አትሄድም። ይዘህ የምትሄደው ትንሽና የታወቀ ነገር ነው። ከውሉም ጋር፦ መንገድ፣ ንጹሕ ውሃ፣ በየዓመቱ የሚከፈል የተቀባይነት ክፍያ፣ ውሉ ሲፈርስ በር የመዝጋት መብት። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ እንኳ ከክልል ወደ ክልል ቆሻሻ የሚልክ ሰው ተቀባዩ በአግባቡ የማስወገድ አቅም እንዳለው እንዲያረጋግጥ ይጠይቅ ነበር። ለክልል የታሰበ ጥንቃቄ ለቀበሌ ገበሬ ማነስ የለበትም።

*

«ይህ ሁሉ ቆንጆ ነው፤ አገሩን ግን ታውቀዋለህ» የሚለኝ አይጠፋም። አውቀዋለሁ። ለዓመታት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የኖረ አካባቢ ነው። ዛሬ የታቀደ መኪና ነገ ላይሄድ ይችላል። ለዚህም ነው ትልቅ ማዕከል ላይ ብቻ የሚንጠለጠል እቅድ የማልፈልገው። እርጥቡ እዚያው ከተማው ውስጥ ከቀረ፣ መንገድ ሁለት ሳምንት ቢዘጋ ሃይላንድ አይሸትም፤ ይጠብቃል።

የሰው ቁጥሩም አለ። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ነቀምቴ ወደ 75 ሺህ ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው አድጓል፤ በ2011 መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች መጥተዋል፤ ከየገጠሩ ሰላም ፍለጋ የገባውም አለ። ከተማዋ የዙሪያዋን ችግር ተሸክማለች። ዙሪያዋ ደግሞ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሟል። ይህን ሒሳብ ለየብቻ ሆኖ ማስላት አይቻልም።

በማዘጋጃ ቤት የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ የነገረኝ ግን ከሁሉም የከበደ ነው። «እኔ የምገመገመው በከተማዬ ነው» አለኝ። «ዘመቻ አድርጌ መንገዱን ካጸዳሁ ፎቶ አለኝ። ከጎረቤት ከተማ ጋር ሦስት ቀን ተሰብስቤ ብመጣ ግን ምን ሠራህ ብባል ምን አሳያለሁ?» እውነቱን ነው። ኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞች ከወጣ ወዲህ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ይበልጥ ይታያል፤ ከጀርባ ያለው ገደል ይበልጥ ይረሳል።

ብራዚል ይህን ችግር የፈታችው በስብከት አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ከተሞች በፈቃዳቸው የጋራ ተቋም እንዲመሠርቱ ሕግ አወጣች። በ2010 ባወጣችው የቆሻሻ ፖሊሲ ደግሞ ተጣምረው ለሚያቅዱት የፌዴራል ገንዘብ ቅድሚያ ሰጠች። ለብቻ መሥራት አልተከለከለም፤ ወረፋው ግን ወደ ኋላ ሆነ። እኛም ጋ ክልሉ ለከተሞች በጀት ሲደግፍ «ከጎረቤትህ ጋር የፈረምከው ውል የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የጓደኛዬ ሦስት ቀን ስብሰባ ለግምገማ የሚቀርብ ነገር ይሆናል። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ኮምፖስት እንዲያመርቱ የተመረጡት ስድስት ከተሞች አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና መቀሌ ነበሩ። ከወለጋ አንድም የለም። ለየብቻችን ትንሽ ነን፤ አንድ ላይ ስንሆን ግን የማንንም ያህል ነን።

ለመጀመር ደግሞ ብዙ ብር አያስፈልግም። የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የሻምቡና የደምቢ ዶሎ ከንቲባዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ ከጎናቸው ገደል ስር ከሚያርሱት ገበሬዎችም ይኑሩ። አንድ ሳምንት ቆሻሻቸውን ይመዝኑ። በጎበኘኋቸው ቦታዎች የሚቆጠረው ጋሪና ገንዳ እንጂ ኪሎ አይደለም። ከዚያ ለውሃ አምራቾቹ አንድ የጋራ ደብዳቤ ይጻፉ፦ «ለቢራ ጠርሙስ ማስያዣ አለ፤ ለሃይላንዱም ይኑር።» የአንድ ከተማ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የወለጋ ከተሞች ሁሉ የፈረሙበት ደብዳቤ ግን ገበያ ነው፤ ገበያን ማንም መሳቢያ ውስጥ አይከትም። ፓርላማው በ2017 ባጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ሃይላንዱ ግን አሁንም በየሱቁ ነው።

ጊምቢ ደርሼ አልጋ ከያዝኩ በኋላ ሃይላንዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለአስተናጋጇ ሰጠኋት። «የት ታደርጊዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ገረማት። ከወጥ ቤቱ ትርፍራፊ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ ጨመረችው።

ከጎኑ ባዶ የቢራ ሳጥኖች በሥርዓት ተደርድረው መኪና እየጠበቁ ነበር።

ቸር እንሰንብት።